ሠራሽ ተብዬ የተቀነሰብኝ እህል

እንዲታወቅልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። ካረጀሁ በኋላ ለአቅመ ደካማ የሚታደለው እህል ይሰጠኝ ነበር። አንድ ዓመት ላይ፣ እጄን አጣጥፌ ስላልተቀመጥሁ፣ ግማሹን ቀነሱብኝ። ሰርቄ አይደለም፤ የሌላ ሰው ድርሻ ወስጄም አይደለም። ሠርተሻል ተብዬ ነው። ከእኔ ጋር ተመዝግበው ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጥላ ጋር ሲዞሩ የሚውሉት ሙሉውን ወሰዱ። ይህን የወሰነው ሰው ክፉ አልነበረም ይሉኛል። እኔም ክፉ ነበር አላልሁም። ተሳሳተ፤ ስሕተቱን ነገርሁት፤ ሰማኝ፤ ከሰማኝ በኋላም አላረመውም። ይህ ከክፋት በምን እንደሚሻል የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

የወሎ ሰው ነኝ። አሶሳ የመጣሁት በድርቁ ጊዜ፣ መንግሥት በአውቶቡስ ጭኖ ካመጣቸው ሰዎች ጋር ነው። ያሰፈሩን ገና በተመነጠረ ጫካ ውስጥ፣ በረድፍ በተሠሩ የሣር ጎጆዎች ነበር። መንደራችን ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። ባሌ በሦስተኛው ዓመት በወባ ሞተ።

ያኔ መሬቱ የግል አልነበረም። በብርጌድ ተከፋፍለን፣ ደወል ሲደወል ወጥተን፣ በጋራ ማሳ ላይ እንሠራ ነበር። ነጥብ መዝጋቢ የሚባል ሰው ደብተር ይዞ በመካከላችን ይዞራል። ለሠራ ነጥብ ይያዝለታል፤ ለተቀመጠ ይቆረጥበታል። እህሉ የሚታደለው በነጥብ ነው። ባሌን በቀበርሁ በሦስተኛው ቀን ዶማዬን ይዤ ወጣሁ። ረፋድ ላይ የማሳው ዳር ላይ ቁጭ አልሁ። ነጥብ መዝጋቢው መጥቶ ከላዬ ቆመ።

"አንቺ፣ ታመሽ ነው ወይስ ደክሞሽ?"

"አዝኜ ነው።"

"ለሐዘን የተተወ ቦታ ደብተሩ ላይ የለም" አለና የግማሽ ቀን ነጥብ ቆረጠብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር ወገቤን ማቅናት ለመድሁ። ቢጠይቀኝም ባይጠይቀኝም የሠራሁትን እደረድርለታለሁ፤ ካልሠራሁትም ጥቂት እጨምርለታለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የሰፈራ ሰው ሁሉ እንደዚያ ሆኖ ነበር። ይህን ያስቀደምሁት በኋላ የሠራሁትን ስሕተት ያለዚህ የሚረዳኝ ስለማይኖር ነው።

ፊደል የቆጠርሁትም እዚያው ነው። በመሠረተ ትምህርት፣ እህል መጋዘን ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ። ከዚያ ሌላ ትምህርት የለኝም። ደብዳቤ ግን አነባለሁ፤ ይህም የቢሮ ሰዎችን ሁልጊዜ ያስደነግጣቸዋል።

ደርግ ሲወድቅ ብርጌዱም ደወሉም ቀረ። ብዙ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ወሎ ተመለሰ። እኔ ባሌም ልጄም እዚህ ተቀብረዋል፤ የልጄ ሁለት ሴት ልጆችም በእኔ እጅ ነበሩ፤ ወዴት እሄዳለሁ? የቀረነው መሬቱን ተከፋፈልን። በወለጋ ሥር የነበረው አገር አዲስ ክልል ሆነ። አሶሳ ዋና ከተማ ሆነች፤ ትናንት ሻይ ቤት የነበረው ዛሬ ቢሮ ተባለ። አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ቅጽ፣ አዲስ ወንበር መጣ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት አንዳንዶቹም ልብሳቸው ገና ከሱቅ የወጣ ይመስል ነበር።

በአዲሱ ደንብ፣ ከስድሳ ዓመት ያለፈውና በቤቱ ጎልማሳ የሌለው ሰው አቅመ ደካማ ተብሎ ይመዘገባል። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ፣ በየወሩ አንድ ጆንያ ስንዴ ይወስዳል። እኔም ተመዘገብሁ። ያንን ጆንያ ከጓሮ ጎመንና ከዱባ ጋር እያብቃቃሁ ሦስታችን እስከ እሸት እንደርስ ነበር። ጆንያው ከጎደለ አንደርስም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አቅመ ደካማ ሆንሁ ማለት ግን ዓይኔና ድምፄ ጠፋ ማለት አልነበረም። መሬት መቆፈር አልችልም። በዚያ አገር በሬ ገንዲ በሚባል በሽታ ያልቃል፤ መሬት የሚገለበጠው በዶማ ነው፤ ዶማ ደግሞ የጎልማሳ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ወንፈል ገባሁ። ሁለት ጎረቤቶቼ የእኔን ማሳ ቆፍረው ይዘሩልኛል፤ እኔ በምላሹ የሦስታችንን ማሳ እጠብቃለሁ። በዘር ጊዜ ቆቅ ዘሩን እንዳትለቅመው፣ በፍሬ ጊዜ ዝንጀሮና ወፍ እንዳይበሉት። በአራት ምሰሶ ላይ የቆመ ማማ አለን። ጧት እወጣና ማታ እወርዳለሁ። ወንጭፍ አለኝ። ከወንጭፉ ይልቅ ዝንጀሮዎቹ የሚፈሩት አፌን ነው ይላሉ ጎረቤቶቼ፤ አልከራከራቸውም።

ወንፈል ደመወዝ አይደለም። ሰው ጉልበቱን አበድሮኛል፤ በምችለው እመልሳለሁ። ተራዬን ከቀረሁ የሰው ላብ በላሁ ማለት ነው።

እንደገና ልንመዘገብ ነው የሚለው ወሬ የመጣው አንድ ዓመት በጥቅምት፣ ማሽላው ፍሬ በያዘበት ወቅት ነው። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ማማ ላይ ስለነበርሁ አልሰማሁም። ወሬውን ከአሶሳ ይዞ የመጣው አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ነው፤ በብርጌዱ ጊዜ ከእኔ ጎን ይቆፍር የነበረ፣ ዕድሜው ከእኔ የማይበልጥ። መዝጋቢ ሊመጣ ነው፤ የሽማግሌዎቹን መዳፍ እያየ ሻካራ የሆነውን "ይሠራል" ብሎ ይጽፋል፤ የሚሠራ ሰው ድርሻ ይቀነሳል። ይህንን ለየቤቱ ዞሮ ተናገረ። የእኔን ቤት ዘለለ። በኋላ ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው፣ "ማማ ለመውጣት ጉልበቴ አይፈቅድማ" አለኝ። ከታች ሆኖ ቢጣራ እሰማው ነበር።

የተነገራቸው መዳፋቸውን ቅቤ ቀብተው በጨርቅ ጠቅልለው አደሩ። ዶማቸውን በበቆሎ አገዳ ክምር ውስጥ ደበቁ። በማግስቱ በየደጁ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተደረደሩ። ያን ቀን መንደራችንን ያየ እንግዳ ወረርሽኝ ገብቷል ብሎ ይመለስ ነበር።

እኔ ጋ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ከአሶሳ የመጣው ወጣት መዝጋቢ ነው። ሁለተኛው ከጎረቤት መንደር የመጣ፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከበርታ የሆነ ሽማግሌ ነው፤ የእህል እደላው ኮሚቴ አባል ስለሆነ መዝጋቢውን ከቤት ቤት ያዞረዋል። ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ባሌ ሲሞት ቀብሩን ከቆፈሩት አንዱ ነው። መካ ባልረግጥም እኔን ሐጃ ነው የሚለኝ። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ለእሱ ሁላችንም ወንድ ነን።

"እማማ፣ እስቲ ይውረዱ" አለ መዝጋቢው።

ወንጭፌን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወረድሁ። እጁ ላይ ደብተር አየሁ። ወገቤ ብቻውን ቀና አለ።

"ይሠራሉ?"

"አንድ ቀን አጓድዬ አላውቅም።"

"ምን ምን ይሠራሉ?"

ቆጠርሁለት። የሦስት ቤት ማሳ እጠብቃለሁ አልሁ፤ እውነት ነው። የጓሮ ጎመኔን ራሴ እኮተኩታለሁ አልሁ፤ ይህም እውነት ነው። ከዚያ የድሮው ምላሴ ተነሣብኝ። አርማለሁ አልሁ። አጭዳለሁ አልሁ። ከወንዝ በቀን ሁለቴ ውሃ እቀዳለሁ አልሁ፤ ውሃ የሚቀዱት የልጅ ልጆቼ ናቸው። እንደ ጎልማሳ እቆፍራለሁ ብዬ ልጨምርበት ስል የበርታው ሽማግሌ አሳለው። ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑን አፍጥጦ ራሱን ነቀነቀ፤ ደግሞ አሳለው። ጉንፋን የያዘው መሰለኝ።

"መዳፍዎን ያሳዩኝ።"

ሁለቱንም ዘረጋሁለት። በኩራት ነው የዘረጋሁት። መዝጋቢው በጣቱ ነካ ነካ አደረገና "ጎበዝ ነዎት" ብሎ ጻፈ። እኔም ነጥብ እንደተያዘለት ሰው ደስ ብሎኝ ወደ ማማዬ ወጣሁ። እንግዲህ ዋሽቻለሁ፤ አልክድም። የዋሸሁት ግን በራሴ ላይ ነው። ለጥቅሙ የዋሸ ሰው ጥቅሙን አገኘ።

ሰኔ ላይ እህሉ ሲታደል ከመጋዘኑ ፊት ተሰለፍን። ተራዬ ሲደርስ ዕቃ ቤት ጠባቂው ስሜን ጠርቶ "ግማሽ" አለ።

"ግማሹ የት ሄደ?"

"እማማ፣ መዝገቡ ይሠራሉ ይላል። የሚሠራ ግማሽ ነው።"

"ማን ነው ይሠራሉ ያለው?"

"እርስዎ ነዎታ። ይኸው፤ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ፣ በቀን ሁለቴ ውሃ ይቀዳሉ።" ከአፌ የወጣውን አንድ በአንድ አነበበልኝ። ሰልፉ ሳቀ። አንዱ ከኋላ "እማማ፣ ለእኛም ቤት ውሃ ይቅዱልን እንጂ" አለ።

ጎረቤቴ ሽማግሌ ከእኔ በፊት ሙሉውን ወስዶ ነበር። እየተንቀጠቀጠ በዱላ ነው የመጣው። አሁን ዱላውን ከመጋዘኑ ግድግዳ አስደግፎ ጆንያውን አፈፍ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣለው።

"አንተ በሽተኛ፣ ዱላህን ረሳህ" አልሁት።

"አንቺ ዘንድ ይቀመጥልኝ፤ ለሚቀጥለው ምዝገባ ያስፈልገኛል" አለ፣ ያውም ሳያፍር።

አልጠላሁትም ብል እዋሻለሁ። ጠላሁት። ግን መንገድ ላይ ግማሹን ጆንያ ተሸክሜ ስሄድ ሌላ ነገር ገባኝ። ያ ሰው በብርጌዱ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይሠራ ነበር። አርጅቶ እጁን ቅቤ እንዲቀባ፣ ዶማውን እንደ ሌባ ዕቃ እንዲደብቅ ያደረገው ማን ነው? ደንቡ ነው። ሽማግሌ ሁሉ በገዛ መዳፉ እንዲያፍር ያደረገ ደንብ ነው።

እህሉን ወደሚያድለው የአሶሳ ቢሮ ሄድሁ። በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። መጀመሪያ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባልሁ። ሁለተኛ ስሄድ መስክ ወጥቷል ተባልሁ። ሁለቱንም ጊዜ ማማው ላይ የልጅ ልጆቼን ተክቼ ነበር፤ ቆቆቹ ድምፃቸውን አልፈሩትም፤ ከአንዱ የወንፈል ጎረቤቴ ማሳ ሁለት ረድፍ ዘር ለቀሙበት። ሰውየው አልተቆጣኝም፤ ያለመቆጣቱ ይብስ ነበር። በሦስተኛው ኃላፊውን አገኘሁት። ጨዋ ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ።

"እማማ፣ ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው" አለኝ። "ሠርቶ የሚያገኝ ሰው ሙሉ ከወሰደ፣ ምንም የማያገኘው ይጎዳል።"

"እኔ ሠርቼ ምን አገኘሁ?"

"ማሳ አለዎት፤ ተዘርቷል።"

"የተዘራው ሰው ስለዘራልኝ ነው። ሰው የዘራልኝ ስለምጠብቅለት ነው። መጠበቁን ብተው አይዘራልኝም። ያኔ አራት ወር አይደለም፣ ዓመቱን ሙሉ እናንተው ልትመግቡኝ ነው። ስሠራ የሚቀለው ለእናንተ ነው። ታዲያ የምትቀጡት ማንን ነው?"

መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረገ። "ነገሩ ገብቶኛል" አለ።

"ከገባህ ጻፍልኛ።"

"ቅጹ ላይ ያለው ሁለት ቦታ ነው። መሥራት የሚችል፣ መሥራት የማይችል። እርስዎን የት ላስገባዎት?"

"የምትችለውን ያህል የምትሠራ ብለህ ጻፍ።"

"እንደዚያ የሚል የለም።" እስክሪብቶውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ምክሬን ይስሙኝ። ጥቂት ወር ቁጭ ይበሉ። በሚቀጥለው ምዝገባ ይስተካከላል።"

"ማማው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው።"

"ቤትዎ ቁጭ ይበሉ ማለቴ ነው።"

ተነሣሁ። "የድሮው ሰውዬ ስቀመጥ ቆረጠብኝ። አንተ ስሠራ ቆረጥህብኝ። ሁለታችሁ ተገናኙና አንዱን ወስናችሁ ንገሩኝ" ብዬው ወጣሁ።

ይህንን የሰማው የበርታው ሽማግሌ በሚቀጥለው ሳምንት አብሮኝ ሊሄድ ተነሣ። ምስክር እሆናለሁ አለ። ያን ቀን በማለዳ ተነሥቶ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ኮፍያውን አስተካክሎ መጣ። ቢሮው ውስጥ ሲገባ አልተቀመጠም፤ ቆሞ ነው የተናገረው።

"ሐጃ ልክ ነው" አለ። "እኛ አገር ወጣት ይቆፍራል፣ ሽማግሌ ማሳ ይጠብቃል። ማሳ የማይጠብቅ ሽማግሌ ሞቷል፣ ገና አልቀበሩትም እንጂ። እሱ"፣ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ፣ "ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራ። ወላሂ ቁጭ ብሎ ነው።"

ኃላፊው በትሕትና ሰማው። እስኪጨርስ አላቋረጠውም።

"አባባ፣ እርስዎም ማሳ ይጠብቃሉ?"

"እጠብቃለሁ እንጂ። የልጆቼን ማሳ፣ የወንድሜንም ማሳ።"

"ጥሩ" አለ ኃላፊው። ከመደርደሪያው የሌላ መንደር መዝገብ አወረደ። ገጹን ፈልጎ አገኘ። አንድ ነገር ጻፈ። ለካስ ይህም ሽማግሌ አቅመ ደካማ ተብሎ የተመዘገበ ነው። መዝጋቢውን ያዞረው እሱ ስለሆነ መዳፉን ያየው ሰው አልነበረም። በገዛ እግሩ መጥቶ ለእኔ ሲመሰክር የእሱም ድርሻ ግማሽ ሆነ።

ከቢሮው ወጥተን እስከ ከተማው ዳር ሄድን። ሰው በእኔ ምክንያት ከገዛ አፉ ጎደለበት። በመጨረሻ ራሱ ቆመና፣ "ሐጃ፣ ሁለተኛ ለአንተ ምስክር አልመጣም" አለኝ። ከዚያ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልሁም።

ከጆንያዬ ላይ አንድ ቁና ስንዴ ለካሁና ላክሁለት። በማግስቱ ቁናዬ ተመለሰ። ስንዴው አልተነካም፤ በላዩ ላይ ማንጎ ተደርድሮበታል።

ማመልከቻ ጻፍሁ። ጸሐፊ አልፈለግሁም፤ የራሴ እጅ ይበቃኛል። በእሱም በእኔም ስም ነው የጻፍሁት። ያረጀ ሰው የሚችለውን መሥራቱ ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ በየትኛው ሕግ እንደተጻፈ ይነገረን አልሁ። ጥፋት ካልሆነም ቅጣቱ ይነሣልን አልሁ። ፊደሌ ትልልቅና የተንጋደደ ነው፤ መዝገብ ቤት የተቀመጠችው ሴት ወረቀቱን አገላብጣ "ማን ጻፈልሽ?" አለችኝ። "ጽፌ የማላውቅ እመስላለሁ?" አልኋት። ማኅተም መትታ ተቀበለችኝ።

ክረምቱ ከበደ። ስንዴውን በጎመን እያበዛሁ፣ ቀጥሎ ጎመኑን በውሃ እያበዛሁ ሐምሌን አለፍን። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጆንያው ታጠፈ። አንድ ጧት ወንጭፌን ሳነሣ ትልቋ የልጅ ልጄ በሩ ላይ ቆመችብኝ።

"እማ፣ እንደነዚያ ሽማግሌዎች ቁጭ ብትይ እኮ ሙሉ ይሰጡን ነበር" አለችኝ።

አልተቆጣኋትም። ተርባ ነው የተናገረችው፤ የተናገረችውም ትክክል ነው። በቆሎው ፍሬ መያዝ ጀምሮ ነበር። ያን ቀን ብቀር የሁለቱን ጎረቤቶቼን በቆሎ ዝንጀሮ ይበላዋል። እነሱ የእኔን ማሳ በግንቦት ሐሩር ቆፍረውልኛል። ይህን ልነግራት ፈለግሁ፤ ግን ለራበው ሰው ስለ ወንፈል መንገር ምን ይሆናል? ወንጭፌን ይዤ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ስጮህ ዋልሁ። ያን ቀን የጮህሁት በዝንጀሮዎቹ ላይ ብቻ አልነበረም።

እስከ እሸት የደረስነው በጎረቤቶቼ ነው። አንዱ ገና ያልጠነከረ በቆሎ ቆርጦ በደጄ አስቀመጠልኝ፤ ሌላዋ ዱባ ላከች። ቅቤ ቀቢው ሽማግሌ ሳይቀር አንድ ቀን ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ንፍሮ ይዞ መጣ። "ዱላዬን ልወስድ ነው" አለ። ንፍሮውን ተቀበልሁት። ዱላውን ሰጠሁት። አልታረቅሁትም።

መልሱ የመጣው በመስከረም መጨረሻ ነው። ይዞልኝ የመጣው የበርታው ሽማግሌ ነው፤ አሶሳ ለጉዳዩ ወርዶ ቢሮው ወረቀቱን ሰጥቶታል። እኔ ማማ ላይ ነበርሁ። መሰላሉን እስከ ግማሽ ወጣና ጉልበቱ እምቢ ሲለው እዚያው ተደግፎ ወረቀቱን ዘረጋልኝ።

"አንብብ ሐጃ። ምን ይላል?"

ማኅተም ነበረው፤ ቁጥር ነበረው፤ የሁለታችን ስም ነበረበት። ለዚያ ደብዳቤ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ መልስ አልጻፍሁም፤ የጠየቁትን ምስክርም አልፈለግሁም። ማማውን የወጣሁት ጉልበቴ እስከ ፈቀደልኝ የመጨረሻ ዓመት ድረስ ነው፤ ግማሹንም የወሰድሁት እስከዚያው ድረስ ነው። ወረቀቱን ወንጭፌን ከማስቀምጥበት ቦታ አስቀመጥሁት፤ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። የበርታው ሽማግሌ በደንብ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያነበብሁለት ይህንን ነው፤

"አመልካቾቹ በማሳ ጥበቃ ሥራ ላይ መሰማራታቸውን ራሳቸው ያመኑ ስለሆነ ድርሻቸው በግማሽ መቀነሱ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል። ሆኖም አመልካቾቹ ከማንኛውም ሥራ መውጣታቸውንና ያለ ሥራ መቀመጣቸውን በሁለት ምስክሮች አረጋግጠው በጽሑፍ ሲያቀርቡ፣ ሙሉ ድርሻቸው የሚመለስላቸው መሆኑን እናሳውቃለን።"